ሦስት ግራ እግር፦ በካርቶን የመጣ ርካሽ ተደራራቢ አልጋ እንዴት ይገጠማል?

ካርቶኑን ከፍተን እንጨቱን ወለሉ ላይ ስንደረድር የባለቤቴ ወንድም አንዱን እግር አንስቶ አገላበጠው። ሌላውን አነሳ። ደግሞ ሌላውን። «ጋሼ፣ ይሄ አልጋ ሦስት ግራ እግር ነው ያለው» አለኝ። እየቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። አልቀለደም። የላይኛው አልጋ አራት እግሮች ሁለቱ በግራ፣ ሁለቱ በቀኝ መበሳት ነበረባቸው። ፋብሪካው ሦስቱን በግራ በስቶ ልኮልናል።

ሱቁ ጋ ደወልኩ። መልሱን እናንተም ታውቁታላችሁ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ደረሰኙ ላይ ተጽፏል። ሁለቱን ካርቶኖች ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለማውጣት የከፈልነውን ሳስበው ደግሞ፣ መልሶ የማውረዱ ነገር አላጓጓኝም። ስለዚህ ገጠምነው። አንድ ቅዳሜና ግማሽ እሑድ ፈጀብን። አሁን ልጆቹ ይተኙበታል፤ አልጋውም አይነቃነቅም።

ደህና ዕቃ ከሆነ ወረቀቱን እያዩ መግጠም ይቻላል። ርካሹ ላይ ግን ወረቀቱ ራሱ የሌላ አልጋ ሊሆን ይችላል። የኛ ወረቀት ላይ የተሣለው መሰላል አምስት ደረጃ ነበረው፤ ከካርቶኑ የወጣው አራት። እንግዲህ ወረቀቱን እንደ ፍንጭ ያዙት፤ ዋናው መመሪያ ከፊታችሁ የተዘረጋው እንጨት ነው።

መጀመሪያ ሜትር

ካርቶኑን ከመክፈታችሁ በፊት ክፍሉን ለኩ። የላይኛው ፍራሽ ከተነጠፈ በኋላ እስከ ኮርኒሱ 90 ሳንቲ ያህል ካልተረፈ ልጁ ቁጭ ባለ ቁጥር ጭንቅላቱን ይመታል። የተንጠለጠለ አምፖል ካለ አልጋው ከሱ ይራቅ። ከመስኮት ደግሞ የበለጠ ይራቅ። ፎቅ ላይ የምትኖሩ ከሆነ ይሄ ለድርድር አይቀርብም፤ ከላይኛው አልጋ ላይ ሆኖ መስኮት መክፈት ለልጅ ቀላል ነው።

ቀጥሎ ፍራሽ። እኛ ዘንድ ፍራሽ ሲገዛ «ወፍራም ይሁን» ነው። ለታችኛው ይሁን፣ ግድ የለም። ለላይኛው ግን ወፍራም ፍራሽ፣ ልጁ እንዳይወድቅ በጎን የሚቆመውን መከላከያ ይውጠዋል። የአሜሪካው ደንብ ከፍራሹ በላይ ቢያንስ 12.7 ሳንቲ መከላከያ መታየት አለበት ይላል። የአውሮፓው መስፈርት፣ ኢኤን 747 የሚባለው፣ 16 ሳንቲ ይጠይቃል። የኛ መከላከያ ከርብራቡ፣ ማለትም ፍራሹ ከሚያርፍበት ጣውላ፣ በላይ 30 ሳንቲ ነው። 20 ሳንቲ ውፍረት ያለው ስፖንጅ ብንጥልበት የሚተርፈው 10 ብቻ ነው። የ12 ሳንቲ ፍራሽ ገዛንና 18 ተረፈን። ሒሳቡን ከፍራሽ ግዢ በፊት ሥሩት።

የካርቶኑን ጽሑፍም አትመኑ። የኛው «90 በ190» ይላል፤ ተገጥሞ ውስጡን ስንለካው ርዝመቱ 194 ወጣ። ፍራሹን አልጋው ከቆመ በኋላ ብትገዙ ይሻላል። ልጆቹ አንድ ሌሊት መሬት ላይ ቢተኙ ምንም አይሆኑም፤ እንዲያውም ይወዱታል።

ስለ ዕድሜም ልንገራችሁ። አሜሪካም አውሮፓም ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ ላይኛው አልጋ ላይ አይተኛ ይላሉ። የኛ ትንሿ አምስት ዓመቷ ነው። በዚህ ምክንያት የተፈጠረውን ለቅሶ ግን መመሪያ አይፈታውም።

ዘርግታችሁ ቁጠሩ

የምትገጥሙት አልጋው በሚቆምበት ክፍል ውስጥ ይሁን። ሳሎን ሰፋ ይላል ብላችሁ እዚያ ብትገጥሙት በበር አይገባም። ካርቶኑን ቀዳችሁ ወለሉ ላይ አንጥፉት፤ እንጨቱም ሴራሚኩም እንዳይጫር።

ከዚያ ሁሉንም ዘርጉ። እግር ከእግር ጋር፣ ረጅሙ የጎን እንጨት ከጎን እንጨት ጋር፣ ራስጌና ግርጌ ለብቻ። ብሎኖቹን በየርዝመታቸው ለዩና በየሲኒው አድርጉ። የ8 ሳንቲና የ9 ሳንቲ ብሎን በዓይን አይለይም፤ እጃችሁ ላይ አቁማችሁ አስተያዩ። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ጫፉ በሌላ በኩል ወጥቶ የልጅ እግር ይቧጭራል። አጭሩ በረጅሙ ቦታ ከገባ ደግሞ ሁለት ጥርስ ብቻ ይይዝና አንድ ቀን ይለቃል።

የኛ ብሎን አራት ጎድሎ ነበር። የጎደለ ብሎን አያሳስባችሁ። ከያዛችሁት አንዱን ናሙና አድርጋችሁ ሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሂዱ። የዚህ ዓይነት አልጋ ላይ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ኤም 6 (6 ሚሊ ውፍረት ያለው) ነው፤ ከበድ ያለው ላይ ኤም 8። ስትገዙ ሮንዴላ፣ ከብሎኑ ጭንቅላት ሥር የምትገባዋን ክብ ብረት፣ ጨምሩ። ከአልጋው ጋር የሚመጣው ሮንዴላ ወይ የለም፣ ወይ እንደ ቆርኪ የሳሳ ነው። ለስላሳ እንጨት ላይ ብሎን ስትጠብቅ ጭንቅላቷ እየሰመጠች ትሄዳለች፤ ሰፊ ሮንዴላ ይሄን ያስቀራል።

ከመሣሪያ ካቻቢቴ፣ መዶሻ፣ ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ ድሪል ከነፑንታው (ከነመብሻው)፣ የእንጨት ኮላና ብርጭቆ ወረቀት ያስፈልጋል። ድሪል ከጎረቤት ተዋሱ። ከአልጋው ጋር የምትመጣዋ ኤል ቅርጽ ያላት ትንሽ መፍቻ ለመጀመር ትሆናለች። ለማጥበቅ ግን ሁለት ጊዜ ከተጠቀማችሁባት ጠርዟ ይላጭና የብሎኑንም ጭንቅላት ይዛው ትጠፋለች። ረዘም ያለች ጠንካራ መፍቻ ግዙ።

የሚጠገንና የማይጠገን

አሁን እያንዳንዱን እንጨት አንስታችሁ ብርሃን ላይ ተመልከቱ። ጊዜ ወስዳችሁ ሥሩት።

የተጫረ ቀለም፣ ያልተላገ ጠርዝ፣ በኮላ የሚያዝ ትንሽ ስንጥር ይጠገናል። ልጅ የሚነካውን ጠርዝ ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት አሹት። ሁለት ሚሊ የሳተ ቀዳዳም ይጠገናል።

የጎን እንጨት ላይ ብሎን ከሚገባበት ቦታ ተነስቶ በርዝመቱ የሄደ ስንጥቅ ግን አይጠገንም። ኮላም ምስማርም አታባክኑ። የአልጋው ክብደት ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ነው የሚያርፈው። የጎን እንጨቱ መሃል ላይ ትልቅ ቋጠሮ ካለም እንደዚያው። እንዲህ ያለውን ይዛችሁ አናጢ ጋ ሂዱና በልኩ ከደህና እንጨት ያሠራችሁ። የቺፕውድ አልጋ ከሆነ ደግሞ ጥግ ጥጉን ተጫኑት። ውሃ ነክቶት ያበጠ ወይም የሚፈረፈር ከሆነ ለላይኛው አልጋ አይሆንም፤ ብሎን አይዝም።

ወደ ሦስተኛው ግራ እግር ልመለስ። ቁጭ ብለን ስናየው ነገሩ ያን ያህል አልከፋም። ብሎኑ እግሩን ወጋ አድርጎ አልፎ ነው የጎን እንጨቱን የሚይዘው፤ ስለዚህ ቀዳዳው በሁለቱም በኩል ክፍት ነው። የተሳሳተው የብሎኑ ጭንቅላት የሚሰምጥበት ሰፊው አፍ ነው። ውጭ መሆን ሲገባው ውስጥ በኩል ተበስቷል። አጫጭሮቹ የእንጨት ፒኖች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎችም በተቃራኒው ጎን ናቸው።

እንዲህ አደረግን። ትክክለኛው ቀኝ እግር ላይ ጋዜጣ ጠቅልለን በእርሳስ ስናሸው ቀዳዳዎቹ ወረቀቱ ላይ ታተሙ። ጋዜጣውን ወደተሳሳተው እግር አዛውረን ነጥቦቹን በምስማር ጫፍ ወጋን። የድሮዎቹን ቀዳዳዎች ኮላ በተቀባ ክብ እንጨት ደፍነን እስከ ማግስቱ ተውነው። እሑድ ጠዋት አዲሱን በሳን። ፑንታው እንዳይዘልቅ፣ ማቆም የምንፈልግበት ጥልቀት ላይ ፕላስተር ጠመጠምንበት። ፕላስተሩ እንጨቱን ሲነካ ማቆም ነው። ድሪሉን ቀጥ አድርጎ መያዝ ለእኔ ከበደኝ፤ አንዱ ሲበሳ ሌላው ጎን ቆሞ «ወደ ግራ አዘመምክ» እያለ መናገር አለበት።

ብሎኑ ሁለት ሚሊ ብቻ ከሳተ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም። ብሎኑ እስኪያልፍ ድረስ ቀዳዳውን በፑንታ ሰፋ ማድረግ ይበቃል። ተቃራኒው ችግር፣ ማለትም የእንጨት ብሎን ገብቶ የሚዞርና የማይዝ ከሆነ፣ ኮላ ውስጥ የተነከሩ ሁለት ሦስት ስቴኪኒዎች ቀዳዳው ውስጥ ጠቅጥቁ። ሲደርቅ የተረፈውን ቁረጡና ብሎኑን እንደገና አስገቡ። የክብሪት እንጨትም ይሆናል፤ ጭንቅላቱን ቆርጣችሁ ጣሉ።

የብረት አልጋ የገዛችሁም ትኖራላችሁ። እሱ ላይ ሁለት በሽታ ነው የሚበዛው። የመጀመሪያው፣ ዳዶው (ብሎኑ የሚገባበት ባለ ጥርስ ብረት) ውስጥ ቀለም ገብቶ ደርቋል፤ ባዶውን ብሎን ጠብታ ዘይት ቀብታችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ እያስገባችሁ አውጡ፣ ቀለሙ ይራገፋል። ሁለተኛው በብየዳ የተያዘው ዳዶ ተላቆ ቱቦው ውስጥ መውደቁ ነው። ያኔ ቱቦውን ወዲያና ወዲህ በሚያሳልፍ ቀዳዳ ረጅም ብሎን አሳልፉና በሌላ በኩል በዳዶና በሰፊ ሮንዴላ ያዙት። ብየዳው ራሱ የተሰነጠቀ ከሆነ ወደ በያጅ።

ታችኛው አልጋ፦ ምንም አታጥብቁ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብታስታውሱ ይሄን አስታውሱ። ብሎን የሚጠብቀው መጨረሻ ላይ ነው። እኛ የመጀመሪያውን ጥግ ደስ ብሎን ድርግም አድርገን አጠበቅነው። አራተኛው ጥግ ላይ ስንደርስ ቀዳዳና ብሎን አንድ ጣት ተራርቀው ጠበቁን። ሁሉንም ፈትተን እንደገና ጀመርን።

ራስጌውን ግድግዳ ላይ አስደግፉ። ፒኖቹን መጀመሪያ አስገቡ። የማይገባ ፒን ካለ በመዶሻ አታስጨንቁት፤ በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ አሳሱት። የጎን እንጨቱን አንድ ሰው ይያዝ፣ ሌላው ብሎኑን ያሳልፍ። እንጨቱ ውስጥ የምትገባዋ ክብ ዳዶ ጫፏ ላይ ለካቻቢቴ የተሠራች ስንጥቅ አለቻት። ስንጥቋ የቀዳዳዋን አቅጣጫ ነው የምታሳየው። በካቻቢቴ ይዛችሁ ስንጥቋን ከብሎኑ ጋር ትይዩ አድርጓት። እኔ ይሄን ሳላውቅ ለግማሽ ሰዓት በጨለማ ስደባበስ ነበር።

ብሎኑን በጣታችሁ ጀምሩት። መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ማለትም ብሎን ወደሚፈታበት አቅጣጫ አዙሩት። ጠቅ የምትል ነገር ይሰማችኋል። ያኔ ወደ ቀኝ አዙሩ። ጥርስ ከጥርስ ተገናኝቷል ማለት ነው። በጣት ሦስት ዙር ካልሄደ ተጣሞ ገብቷልና አውጡት። በመፍቻ ካስገደዳችሁት ጥርሱ ይበላል፤ ከዚያ ብሎኑም ዳዶውም አለቀላቸው።

አራቱም ጥግ ከተያዘ በኋላ ሜትሩን አምጡ። ከራስጌው ግራ ጥግ እስከ ግርጌው ቀኝ ጥግ ለኩ፤ ከዚያ ሌላውን አግድመት። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። የኛ ላይ 18 ሚሊ ልዩነት ነበረ። ረዥሙን አግድመት ከሁለቱ ጥጎች ይዛችሁ ወደ ውስጥ ግፉት፣ እንደገና ለኩ። 3 ሚሊ ላይ ሲደርስ «ይበቃል» አልን። አሁን አጥብቁ፤ ግን አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ። እያንዳንዱን ትንሽ ትንሽ፣ በአግድመት እየተሻገራችሁ፣ እንደ መኪና ጎማ። ሮንዴላው እንጨቱን መጫን ሲጀምር ሩብ ዙር ጨምሩና ተዉት።

ውሃ ልክ ጣሉበት። የኮንዶሚኒየም ወለል ብዙ ጊዜ ይዘነበላል። ከፍ ማድረግ ካለባችሁ ከእግሩ ሥር ቁራጭ ጣውላ በኮላ ለጥፉ፤ የታጠፈ ካርቶን በወር ውስጥ ይሰምጣል።

ርብራቡ

ርካሽ አልጋ ላይ በጣም የሚቆጠበው እዚህ ላይ ነው። የኛ ርብራብ አሥር ቀጫጭን ጣውላ ነበር፤ በጣት ስትጫነው ይለመጣል። ለታችኛው ተውነው። ለላይኛው ግን አራት ጣውላ ጨመርን፤ ከሥራቸው ደግሞ መሃል ለመሃል ከራስጌ እስከ ግርጌ አንድ ሞራሌ አሳለፍን። ሞራሌው በሁለቱም ጫፍ በብሎን በተያዘ ቁራጭ እንጨት ላይ አርፏል፤ ምስማር ብቻውን አይበቃም። በሁለት ጣውላ መካከል ያለው ክፍተት ከ7 ሳንቲ ባይበልጥ ጥሩ ነው።

እያንዳንዱን ጣውላ በሁለት በኩል በብሎን ያዙ። እንዲሁ የተደረደረ ርብራብ ልጁ ሲገላበጥ ተንሸራቶ ታች ያለው ላይ ይወርዳል። ጣውላው እንዳይሰነጠቅ መጀመሪያ በቀጭን ፑንታ ብሱት።

ላይኛውን ማውጣት

የላይኛውን አልጋ መሬት ላይ፣ ከታችኛው አጠገብ፣ በዚያው መንገድ ግጠሙ። አግድመቱን ለኩ፤ አጥብቁ። ርብራቡን ግን ገና አታድርጉ፤ ክብደት ነው።

ለማንሳት ሁለት ጎልማሳ ቢያንስ ያስፈልጋል፤ ሦስት ቢሆን መልካም። ልጆቹን ከክፍሉ አስወጡ። በታችኛው እግሮች አናት ላይ የብረት ፒኖቹን አስገቡ። ፒኑ እኩል ወደ ላይ፣ እኩል ወደ ታች መግባት አለበት። አንዱን ቀዳዳ ፋብሪካው አርዝሞ በስቶት ከሆነ ፒኑ ጠቅላላ ይሰምጣል፣ ላይኛው እግር ባዶ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ከማንሳታችሁ በፊት እያንዳንዱ ፒን ምን ያህል ብቅ እንዳለ ለኩ። የሰመጠ ካለ ከሥሩ ቁራጭ እንጨት ጣሉለት። ከዚያ መጀመሪያ በራስጌው በኩል አስቀምጡ፣ ግርጌውን አስከትሉ። እግርና እግር ሲገናኝ በመካከሉ ወረቀት የሚያሳልፍ ክፍተት መኖር የለበትም። ማያያዣ ብረት ከመጣ እሱንም በብሎን ያዙ፤ ካልመጣ ሱቅ ገብታችሁ ጠፍጣፋ ብረት ግዙለት። በፒን ብቻ የቆመ አልጋ ከታች ወደ ላይ ሲገፋ ይነቀላል። ታችኛው አልጋ ላይ ተኝቶ ላይኛውን በእግሩ የማይገፋ ልጅ ደግሞ አላየሁም።

መከላከያው በግድግዳው በኩልም ይሁን። ብዙ ሰው «ግድግዳ አለ አይደል» ብሎ ይተወዋል። አልጋው በጊዜ ብዛት ከግድግዳው ይርቃል፣ በመካከሉም ልጅ የሚገባበት ክፍተት ይፈጠራል። የመከላከያው አግዳሚዎች ርቀት በአሜሪካው ደንብ ከ8.9 ሳንቲ መብለጥ የለበትም፤ የልጅ ሰውነት አልፎ ጭንቅላቱ እንዳይቀረቀር ተብሎ ነው። የኛው 14 ነበር። አንድ አንድ ጣውላ መሃል ላይ ጨመርንበት።

መሰላሉን ከላይም ከታችም በብሎን እሰሩት። የሚንጠለጠል ብቻ ከሆነ በወረዱ ቁጥር ይንሸራተታል።

ግድግዳው

ርካሽ አልጋ ቀጭን እግር አለው፤ ቀጭን እግር ደግሞ ይወዛወዛል። ሁለት ኤል ቅርጽ ያላቸው ብረቶች ከላይኛው አልጋ ወደ ግድግዳው ብታስሩ ግማሹ ችግር ይጠፋል። የ8 ሚሊ ፊሸር (ብሎኑን ግድግዳው ውስጥ የሚይዘው ፕላስቲክ) በቂ ነው። ብሎኬቱ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ፊሸሩ ሲዞር ከተሰማችሁ ቦታ ቀይሩ። ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ ካለበት ቀጥ ብሎ ወደ ላይም ወደ ታችም አትብሱ፤ ሽቦው በዚያ መስመር ነው የሚያልፈው።

ጀሪካኑ

ልጅ ከመውጣቱ በፊት ውሃ ይውጣ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የተሞላ ጀሪካን የሌለው ቤት ስለማይኖር ወጪ የለውም። ክዳኑን በደንብ ዝጉና ሦስቱን አንድ በአንድ ላይኛው ርብራብ ላይ አውጡ፤ መሃል ላይ አስቀምጧቸው። 60 ኪሎ ሆነ። ሌሊቱን ይደሩ። ጠዋት ጣውላዎቹን ከሥር እዩ፤ የለመጠ፣ የተሰነጠቀ፣ ብሎን ያላላ ካለ ያስታውቃል። የኛው አንድ ጣውላ ቋጠሮው ላይ ተሰንጥቆ አደረ። እሱን ቀይረን እንደገና ሞከርን። ከዚያ አልጋውን በአራቱም ጥግ ይዛችሁ ነቅንቁት፤ የሚንጫጫውን ቦታ በጆሮ ፈልጉ።

ከሳምንት በኋላ ሁሉንም ብሎን እንደገና አጥብቁ። አዲስ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ እኛ ከሃያ ምናምን ብሎን ሰባቱ ላልተው አገኘን። ከዚያ በኋላ በየወሩ እያያችሁ ሂዱ። ከላይኛው አልጋ ላይ ገመድ፣ ሻርፕ፣ የቦርሳ ማንገቻ እንዲንጠለጠል አትፍቀዱ፤ አንገት ላይ ሊጠመጠም ይችላል።

መፍቻዋን ከታችኛው አልጋ ርብራብ ሥር በፕላስተር ለጥፌያታለሁ፤ ስትፈለግ እንዳትጠፋ። የሦስተኛውን ግራ እግር የተደፈኑ ቀዳዳዎች ደግሞ ትንሿ ልጄ በቢራቢሮ ስቲከር ሸፍናቸዋለች። ላይኛው አልጋ ላይ ለመውጣት ሰባት ወር እንደቀራት በየቀኑ ታስታውሰኛለች።